ዳያዞክሳይድ ለልጃችሁ ከታዘዘ፦ ቤት ውስጥ እንዴት ይሰጣል፣ ምን ይታያል

ዳያዞክሳይድ ሁለት ፊት ያለው መድኃኒት ነው። መጀመሪያ የተሠራው ለደም ግፊት ነበር። ለግፊት የወሰዱት ሰዎች ስኳራቸው ከፍ እያለ ሲያስቸግር ግን፣ ሐኪሞቹ ነገሩን ገለበጡትና እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ስኳራቸው አልቆም እያለ ለሚወርድ ልጆች ይሰጡት ጀመር። በደም ሥር የሚሰጠው የግፊት መርፌ ግፊትን በአንዴ ቁልቁል ስለሚጥል ዛሬ በተሻሉ መድኃኒቶች ተተክቷል። አሁን እናቶችና አባቶች ቤት ይዘውት የሚገቡት በአፍ የሚሰጠው ነው። አሜሪካ ውስጥ ፕሮግላይሴም በሚል ስም ይታወቃል።

አሠራሩን በአጭሩ ልንገራችሁ፣ ኋላ ይጠቅማችኋል። ቆሽት ውስጥ ስኳር የሚያወርደውን ኢንሱሊን የሚያመነጩት ሴሎች የፖታሲየም በር አላቸው። በሩ ሲዘጋ ኢንሱሊን ይለቀቃል። ዳያዞክሳይድ በሩን ክፍት አድርጎ ስለሚይዘው ኢንሱሊኑ እዚያው ይቀራል፣ ስኳርም አይወርድም። ተመሳሳይ በር የደም ሥር ግድግዳ ላይም አለ፤ እሱ ሲከፈት ደም ሥሩ ይላላል፣ ግፊት ይወርዳል። ሁለቱም ሥራ የመጣው ከአንድ ቦታ ነው።

መጀመሪያ፦ መድኃኒቱ የማን ነው?

ይህ መድኃኒት ኢንሱሊናቸው ያለ ልክ ለሚፈስ ሰዎች ነው። ብዙዎቹ ከተወለዱ ጀምሮ ሃይፐርኢንሱሊኒዝም ያለባቸው ሕፃናት ናቸው። አንዳንዶቹ ሲወለዱ ታፍነው ወይም ክብደታቸው በጣም አንሶ የተወለዱ ናቸው፤ የእነዚህኞቹ ብዙ ጊዜ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ይለቃቸዋል። ቆሽታቸው ላይ ኢንሱሊን የሚያመነጭ ዕጢ ኖሮባቸው ቀዶ ሕክምና የማይሆንላቸው አዋቂዎችም ይወስዱታል።

የማን እንዳልሆነም ይታወቅ። የስኳር ሕመም ኖሮባችሁ ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚባለውን የስኳር ኪኒን ወስዳችሁ ስኳራችሁ ከወረደ መልሱ ስኳር፣ ጁስ፣ ምግብ ነው፣ ከዚያም የመድኃኒቱን መጠን ከሐኪም ጋር ማስተካከል። ዳያዞክሳይድ አይደለም። ምግብ ሲያልፋችሁ እጃችሁ የሚንቀጠቀጥባችሁም አይመለከታችሁም። ግፊት አለብኝ፣ ስኳሬም ይወርዳል፣ ስለዚህ አንድ መድኃኒት ሁለቱን ይጨርስልኝ ብሎ ማሰብ ደግሞ ጭራሽ አይሠራም። የሰው ጠርሙስ ተውሶ መሞከር ቀልድ አይደለም።

ከመጀመራችሁ በፊት ሐኪሙን የምትጠይቁት

ሆስፒታል ሳላችሁ፣ መድኃኒቱ ሳይጀመር፣ እነዚህን አንሱ። የልብ አልትራሳውንድ ተሠርቷል? ደም የሚያረጉትን ፕሌትሌቶች ጨምሮ የደም ቆጠራውስ? የዛሬ ክብደቱ ስንት ነው? ክብደቱን ጻፉት፣ ከነቀኑ። ልጁ ወይም ቤተሰቡ ታያዛይድ ለሚባሉት ሽንት የሚያሸኑ መድኃኒቶች አለርጂ ካላቸው ተናገሩ፤ ዳያዞክሳይድ የነሱ ዘመድ ነው። ዝምድናው ግን ተቃራኒ ጠባይ አለው፣ እነሱ ውሃ ያስወጣሉ፣ ይሄኛው ውሃና ጨው ሰውነት ውስጥ ያስቀራል። በዚህ ምክንያት ሐኪሞች ብዙ ጊዜ አብረው ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ወይም ክሎሮታያዛይድ ያዛሉ። ሁለት መድኃኒት ሲታዘዝ አትደንግጡ። አንዱን ብቻ ሰጥቶ ሌላውን መተው ነው የሚያስደነግጠው።

ልጁ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ፊኒቶይን ወይም የደም ማቅጠኛ ዋርፋሪን ወይም ሌላ የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ከሆነም ሳትጠየቁ ንገሩ።

መለያውን ማንበብና ማስላት

እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፤ ትልቁ አደጋ ያለው መድኃኒቱ ውስጥ ሳይሆን ሲሪንጁ ላይ ነው።

ፈሳሹ ብዙ ጊዜ በአንድ ሚሊ ሊትር 50 ሚሊግራም ነው። ወፍራም መጠን ነው። ለሕፃናት በአሜሪካው መመሪያ በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ8 እስከ 15 ሚሊግራም ይታዘዛል፣ ከፍ ላሉ ልጆችና ለአዋቂዎች ከ3 እስከ 8፤ ይህም በየ8 ወይም በየ12 ሰዓቱ ተከፋፍሎ። ብዙ ሐኪሞች ለሕፃናት ከዚህም ዝቅ ብለው ይጀምራሉ። ቁጥሩን የሚወስነው ሐኪም ነው፣ የእናንተ ሥራ ጠርሙሱና ማዘዣው መግባባታቸውን ማየት ነው።

ምሳሌ እንውሰድ። ልጁ 4 ኪሎ ነው። ሐኪሙ በቀን በኪሎ 10 ሚሊግራም አዘዘ። በቀን 40 ሚሊግራም መሆኑ ነው። በሁለት ሲካፈል በአንድ ጊዜ 20 ሚሊግራም። ጠርሙሱ 50 ከሆነ 20 ሚሊግራም ማለት 0.4 ሚሊ ሊትር ነው። ዜሮ ነጥብ አራት! ትንሽ ጠብታ ነው፣ ጡጦ ለለመደ ዓይን ምንም አይመስልም። እንቅልፍ ያጣች እናት ነጥቧን ካላየቻት 4 ሚሊ ሊትር ትቀዳለች፣ ያ 200 ሚሊግራም ነው፣ አሥር እጥፍ።

ሌላው ወጥመድ ፋርማሲ ሲቀየር ነው። አንዳንድ ፋርማሲ ፈሳሹን ራሱ ሲያዘጋጅ በአንድ ሚሊ ሊትር 10 ሚሊግራም አድርጎ ያቀጥነዋል። ያኔ ያው 20 ሚሊግራም 2 ሚሊ ሊትር ይሆናል። እጃችሁ ለ«ሁለት ሚሊ» ከለመደ በኋላ ቀጣዩ ጠርሙስ የ50 ሆኖ ቢመጣና እናንተ በልማድ ሁለት ብትቀዱ፣ ልጁ አምስት እጥፍ ወሰደ ማለት ነው። ስለዚህ አዲስ ጠርሙስ በመጣ ቁጥር፣ አዎ በመጣ ቁጥር፣ «በአንድ ሚሊ ሊትር ስንት ሚሊግራም ነው?» ብላችሁ ፋርማሲስቱን ጠይቁ። በአውሮፓ ደግሞ 25 እና 100 ሚሊግራም ካፕሱል አለ። ዘመድ ከውጭ ይዞላችሁ ሲመጣ ቤት ካለው ጋር አንድ ነው ብላችሁ አትቀበሉት።

እኔ የምመክረው ይህን ነው፦ አንድ ወረቀት ላይ «በአንድ ጊዜ 20 ሚሊግራም፣ በ50ው ጠርሙስ 0.4 ሚሊ ሊትር» ብላችሁ በትልቁ ጽፋችሁ ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጥፉ፤ ቁጥሩ የናንተ ልጅ ቁጥር ይሁን እንጂ። አያት፣ ሞግዚት፣ አባት፣ ሁሉም አንድ ወረቀት ያንብብ።

አቀዳድና አሰጣጥ

ጠርሙሱን በደንብ ነቅንቁት። ዱቄቱ ከታች ይዘቅጣል። ሳትነቀንቁ ከቀዳችሁ ዛሬ ከላይ ያለው ቀጭን ይደርሰዋል፣ ጠርሙሱ ሲያልቅ ደግሞ ከታች ያለው ወፍራም። ስኳሩ መጀመሪያ አልስተካከል ብሎ ኋላ ላይ ያለ ምክንያት ከፍ ካለ፣ ሐኪሙ መጠን ከመቀየሩ በፊት የምትመረምሩት ይህን ነው።

ከዚያ ቀለሙን እዩ። ፈሳሹ ከጠቆረ ጉልበቱ ቀንሶ ሊሆን ስለሚችል አይሰጥም። ብርሃን አይወድም፣ በካርቶኑ ውስጥ ይቀመጥ፣ መስኮት ላይ አይደርደር።

1 ሚሊ ሊትር የሚይዝ፣ መርፌ የሌለው የአፍ ሲሪንጅ ተጠቀሙ። የቤት ማንኪያ አይሆንም። ሲሪንጁን ቀጥ አድርጋችሁ በዓይናችሁ ትይዩ ያዙት፣ የአየር አረፋ ካለ መልሳችሁ ግፉትና እንደገና ቅዱ። 0.4 ላይ አረፋ ካለ ከመድኃኒቱ ቀላል የማይባል ድርሻ የበላው አየር ነው።

ልጁን ትንሽ ቀና አድርጋችሁ ያዙት። ሲሪንጁን በጉንጩና በድዱ መሀል አስገቡ፣ በቀስታ ግፉ፣ እስኪውጥ ጠብቁ። ጉሮሮው ላይ ቀጥታ አትርጩበት፣ ያንቀዋል። ጡጦ ሙሉ ወተት ውስጥም አትቀላቅሉት፤ ወተቱን ካልጨረሰው ምን ያህል መድኃኒት እንደወሰደ ማንም አያውቅም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ የሚጠይቁ ቤተሰቦች አሉ፦ ፕሮግላይሴም ፈሳሹ 7.25 በመቶ አልኮል አለው። በሃይማኖት ምክንያት የሚያሳስባችሁ ከሆነ ሌላ አማራጭ እንዳለ ሐኪሙንና ፋርማሲስቱን ጠይቁ እንጂ በዝምታ አትተዉት።

ሰዓቱን አስተካክሉ። በቀን ሁለቴ ከሆነ ጠዋት 1 ሰዓትና ማታ 1 ሰዓት፣ ሦስቴ ከሆነ በየ8 ሰዓቱ። የስልክ ማንቂያ ሙሉ። አንድ ጊዜ ካመለጣችሁና ቀጣዩ ሩቅ ከሆነ እንዳስታወሳችሁ ስጡ፤ ቀጣዩ ከደረሰ ያለፈውን ተዉት። ሁለቱን ደርቦ መስጠት የለም። ልጁ ወዲያው ካስታወከው በራሳችሁ አትድገሙት፣ ደውላችሁ ጠይቁ።

ስኳር መለካት

መድኃኒቱ እየሠራ መሆኑን የሚናገረው መለኪያው ነው። የልጁ ፊት አይናገርም። ሃይፐርኢንሱሊኒዝም ያለበት ሕፃን ስኳሩ ወርዶም ሰላማዊ እንቅልፍ የተኛ ሊመስል ይችላል፤ አስቸጋሪነቱ እዚህ ላይ ነው፣ ምክንያቱም ኢንሱሊኑ ስኳሩን ብቻ ሳይሆን አንጎል በምትኩ የሚነዳውን ኪቶንም ስለሚያፍነው ነው።

እጃችሁን ታጠቡ። የልጁን ተረከዝ በሞቀ ጨርቅ አሙቁት። ከተረከዙ ጎንና ጎን ውጉ፣ መሀሉን ተዉት። የመጀመሪያዋን ጠብታ ጥረጉ፣ ሁለተኛዋን ስትሪፑ ላይ አድርጉ። ተረከዙን አጥብቃችሁ አትጭመቁ። ከፍ ላለ ልጅ ጣቱን በሳሙና አጥቡት፤ ጣቱ ላይ የቀረ የብርቱካን ጭማቂ መለኪያውን ያታልለዋል።

ብዙ ጊዜ የሚለካው ከመመገቡ በፊት ነው፣ በተለይ ሌሊት ረጅም ከተኛ በኋላ። በአብዛኛው የሐኪም ቡድኖቹ የሚፈልጉት ከ70 ሚሊግራም በዴሲሊትር በላይ እንዲሆን ነው። እንግሊዝ ላላችሁ መለኪያው በሚሊሞል ይናገራል፣ በ18 አባዙት፤ 3.9 ማለት 70 ነው። የናንተን ልጅ ወሰን ግን ከሐኪሙ በጽሑፍ ተቀበሉ። ደብተር ያዙ፦ ሰዓት፣ ስኳር፣ መድኃኒት፣ የጠባው፣ ያስታወከው። ቆዳ ላይ የሚለጠፈው መለኪያ ካለም ጥሩ ነው፣ የወረደ ቁጥር ሲያሳይ ግን በደም አረጋግጡ።

ከወረደ

ከወሰኑ በታች ካሳየ መጀመሪያ ድገሙት፣ ለመድገም ግን ጊዜ አታባክኑ። ልጁ ነቅቶ የሚውጥ ከሆነ ጡት ወይም ጡጦ ስጡት፣ ሐኪሙ የግሉኮስ ጄል አዝዞ ከሆነ ጉንጩ ውስጥ ቀቡት። ከ15 ደቂቃ በኋላ ለኩ። ካልተነሳ ደግማችሁ እየመገባችሁ ደውሉ።

ካልነቃ፣ ከተንዘፈዘፈ፣ መዋጥ ካልቻለ፣ በአፍ ምንም አይሰጥም። ግሉካጎን የሚባለው ስኳር የሚያነሳ መርፌ ታዝዞላችሁ ከሆነ በተሰጣችሁ ሥልጠና መሠረት ውጉት፣ ወዲያው አምቡላንስ። ኢንሱሊን በዝቶበት የወረደ ሰው ጉበቱ ውስጥ የተቀመጠ ስኳር ስላለው ግሉካጎን ጥሩ ይሠራለታል። ሥልጠናውን ሳትወስዱ ከሆስፒታል አትውጡ።

ማር አታልሱት። ዓመት ላልሞላው ልጅ ማር ቦቱሊዝም በሚባል የባክቴሪያ መመረዝ ምክንያት አደገኛ ነው። ቅቤም ማላስ አያስፈልግም፣ ቅቤ ስኳር አያነሳም። አማቶችን ማሳመን ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ «ሐኪሙ ከልክሏል» በሏቸው፣ ብዙ ክርክር ያስቀራል።

ከፍ ካለ

መድኃኒቱ ከበዛ ወይም ልጁ ከታመመ ስኳሩ ወደ ላይ ሊሄድ ይችላል። ብዙ ሽንት፣ ጥማት፣ መፍዘዝ፣ ማስታወክ ካያችሁ ለኩ፣ ሽንቱን ወይም ደሙን የኪቶን ስትሪፕ ካላችሁ እዩ፣ ደውሉ። መድኃኒቱ ሰውነት ውስጥ ረጅም ስለሚቆይ አንድ ጊዜ ብታስቀሩም ችግሩ ወዲያው አይበርድም። ከመጠን በላይ ሰጥታችሁ ከሆነ ልጁ ደህና ቢመስልም ሆስፒታል ሂዱ፤ ክትትሉ ቀናት ሊወስድ ይችላል።

እብጠትና ትንፋሽ

ይህን ክፍል ሁለት ጊዜ አንብቡት። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2015 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር፣ መድኃኒቱ በ1973 ከተፈቀደ ጀምሮ 11 ጨቅላዎችና ሕፃናት የሳንባ ደም ሥር ግፊት እንደያዛቸው ጠቅሶ ማስጠንቀቂያ አወጣ። ሲቆምላቸው ሁሉም ተሽሏቸዋል ወይም ለቋቸዋል። ስለዚህ ቶሎ ማየት ዋጋ አለው።

ልጁን በየቀኑ በአንድ ሰዓት፣ ያለ ዳይፐር፣ በአንድ ሚዛን መዝኑ፣ ቢያንስ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት። ልጅ ክብደት ሲጨምር ደስ ይላል፤ በአንድ ሌሊት በጣም ከጨመረ ግን ሥጋ ሳይሆን ውሃ ነው። ዓይኑ ሥር፣ እግሩ ላይ፣ እጁ ላይ እብጠት ፈልጉ። ሲተነፍስ አፍንጫው ከተርገበገበ፣ ካቃሰተ፣ ደረቱ ወደ ውስጥ ከሰረጎደ፣ ትንፋሹ ከፈጠነ፣ መጥባት ካቃተው፣ ከንፈሩ ወደ ሰማያዊ ካደላ፣ ጠዋት እንሄዳለን አይባልም። አሁኑኑ ነው።

ትልልቅ ልጆችና አዋቂዎች ላይ ሌሎች የግፊት መድኃኒቶች አብረው ካሉ ግፊት ከሚፈለገው በታች ሊወርድ ይችላል። ሲነሱ የሚያዞራቸው ከሆነ ቁጭ ይበሉ፣ ግፊታቸው ይለካ። የታያዛይድ ዓይነቱ የግፊት ኪኒን ደግሞ ከዚህ መድኃኒት ጋር ሆኖ ስኳርን ይበልጥ ያነሳል።

ፀጉሩ

ግንባር ላይ፣ ጀርባ ላይ፣ እጅና እግር ላይ ፀጉር ይወጣል። ይታያል፣ ሰውም ያያል፣ ሰውም ይናገራል። አደገኛ አይደለም፣ መድኃኒቱ ሲቆም በወራት ውስጥ ይረግፋል። ለሰው አፍ ብላችሁ መጠን አትቀንሱ። የምግብ ፍላጎት መቀነስና ማቅለሽለሽም የተለመደ ነው፤ መመገብ እስኪያቅተው ከደረሰ ግን ለሐኪሙ ይነገር።

የሕመም ቀን፣ የክርስትና ቀን፣ የጾም ቀን

ትኩሳት፣ ተቅማጥ፣ ማስታወክ ሲመጣ ስኳሩ በሁለቱም አቅጣጫ ሊሄድ ይችላል። አልበላ ካለ ይወርዳል፣ ኢንፌክሽኑ ከበረታ ይነሳል። ቶሎ ቶሎ ለኩ፣ መመገብ ካልቻለ በደም ሥር ግሉኮስ የሚያገኝበት ቦታ ውሰዱት። ለጥርስም ሆነ ለቀዶ ሕክምና ባዶ ሆዱን ይዋል ሲባል፣ ስለ መድኃኒቱ ቀድማችሁ ተናገሩ።

ክርስትና ደግሞ ሌላ ነው። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ነው፤ ሌሊት ተነስቶ ቤተ ክርስቲያን፣ ወረፋ፣ ጸሎት፣ ቅዳሴ፣ ቁርባን። ልጁ እስኪቆርብ ሳይጠባ የሚቆይበት ቤት አለ። የዚህ ልጅ ሰዓት እንደዚያ አይለጠጥም። ካህኑን ቀድማችሁ አነጋግሩ፣ ምን ያህል ሰዓት ሳይጠባ መቆየት እንደሚችል ከሐኪሙ ጠይቁ፣ መለኪያውና ጄሉ በክርስትና አባት ወይም እናት ቦርሳ ውስጥ ሳይሆን የእናንተ እጅ ላይ ይሁን። ልጁ አድጎ 7 ዓመት ሲሞላው የጾም ወሬ ሲነሳም፣ ለሙስሊሙ ቤት ደግሞ ረመዳን ሲመጣ፣ ነገሩ ያው ነው።

ስትጓዙ መድኃኒቱን ሻንጣ ውስጥ አትላኩ፣ በእጃችሁ ያዙ። የሐኪም ደብዳቤ አብሮ ይኑር። በየፋርማሲው መደርደሪያ ላይ የሚገኝ መድኃኒት ስላልሆነ ጠርሙሱ ግማሽ ሲደርስ ቀጣዩን እዘዙ።

አልሠራም ሲሆን፣ ሲበቃም

መድኃኒቱ በአንድ ሰዓት ውስጥ መሥራት ይጀምራል፣ ትክክለኛ መልሱ ግን በቀናት ውስጥ ይታያል። በመመሪያው ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ተሰጥቶ ካልሠራ ይቆማል። አንዳንድ ልጆች የፖታሲየም በሩን የሚሠሩት ጂኖች ላይ ለውጥ ስላላቸው፣ የሚከፈት በር ስለሌለ መድኃኒቱ አይረዳቸውም። ያኔ የጂን ምርመራ፣ ኢንሱሊንን የሚገታው ኦክትሪዮታይድ የሚባል መርፌ፣ አንዳንዴም የቆሽት ቀዶ ሕክምና ይነሳል። የፊላደልፊያ የሕፃናት ሆስፒታልና የለንደኑ ግሬት ኦርመንድ ስትሪት በዚህ ይታወቃሉ።

እ.ኤ.አ. በ2025 ደግሞ ዳያዞክሳይድ ኮሊን የሚባል በዝግታ የሚለቀቅ ኪኒን አሜሪካ ውስጥ ተፈቅዷል። እሱ ፕራደር-ዊሊ ሲንድረም የሚባል የጂን ሕመም ያለባቸውን ልጆችና አዋቂዎች የማይጠግብ ረሃብ ለማስታገስ ነው። በፈሳሹ ምትክ አይሰጥም።

ልጁ ሲያድግ ክብደቱ ይጨምራል፣ የድሮው መጠን ለአዲሱ ክብደት እያነሰ ይሄዳል። አንዳንዴ ሐኪሙ ሆን ብሎ መጠኑን ሳይጨምር ልጁ እንዲያድግበት ይተወዋል፣ ሕመሙ ለቆት ይሆናል ብሎ። የመጨረሻው ማቆም ግን ቤት ውስጥ አይሞከርም። ሆስፒታል ተኝቶ፣ መድኃኒቱ ከሰውነቱ እስኪወጣ ተጠብቆ፣ ሳይመገብ እየተለካ ነው የሚፈተነው። ሲያልፍ የቀረውን ጠርሙስ ለፋርማሲው መልሱት።